የሕፃኑ አልጋ ሁለት ዋጋ

በአንድ ክፍል ቤት ሕፃን የሚጠብቁ ባልና ሚስት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ምን ይዘው ይመለሱ?

«ጎጆ መውጣት» በአማርኛችን የራስን ቤት ማቋቋም ማለት ነው። እኔና ባለቤቴ በሁለት በኩል ጎጆ ወጥተናል። ትዳር መሥርተን የተከራየናት አንዲት ክፍል የምትገኘው ጎጆ በምትባለው ከተማ፣ በምዕራብ ሸዋ ዞን በጀልዱ ወረዳ መቀመጫ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ተገንጥሎ የሚደረስባት ይህቺ የደጋ ከተማ እኛ ዘንድ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በድንችና በብርድ። ድንቹን ነጋዴው ጭኖ ይወስደዋል፤ ብርዱ ግን ለእኛው ይቀራል።

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ቤታችን ርዝመቱ አራት፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ነው። በውስጡ አልጋ፣ አንድ ቡፌ፣ ሁለት ወንበር፣ ሦስት የውሃ ጀሪካን፣ የከሰል ማንደጃና የሽንኩርት ቅርጫት ሳይቀር ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ኪራዩ በወር 1,800 ብር ነው። በዚያው ሰሞን የ15 ሺህ ብር ዕቁብ ደረሰኝ።

ገንዘቡ እጄ እንደገባ መጀመሪያ የታየኝ የሕፃን አልጋ ነበር። አባት ልሆን ነውና የሚታይ ነገር መግዛት አማረኝ። እናት በሆዷ ተሸክማ የምትዞረው ነገር አላት፤ አባት ግን ለጎረቤት የሚያሳየው የለውም።

ለአራስ ጥየቃው አስቀድመው ከገጠር የመጡት አማቴ ሐሳቤን ሲሰሙ አልወደዱትም። በአገራችን ልጅ ሳይወለድ ዕቃ ማሰናዳት የማይወዱ ብዙዎች ናቸው።

«ልጄ፣ ያልመጣ እንግዳ አልጋ አይነጠፍለትም» አሉኝ።

«እማማ፣ አይስጉ፤ ዘመኑ ተለውጧል» አልኳቸው።

«እሱስ ተለውጧል። ብርዱ ግን ያው ነው።»

ያን ጊዜ ነገሬ ብዬ አላዳመጥኳቸውም። ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቼ አምቦ ወረድኩ።

አሮጌ ዕቃ ከየት ይመጣል?

ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት የወሰንኩት ወድጄ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ጋሪ፣ አልጋ፣ ዳይፐር፣ ጡጦ፣ ከውጭ የሚመጣ የሕፃን ዕቃ ሁሉ ተወዷል። አዲስ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ሱቆች በር ላይ ሆኜ ዋጋ ጠይቄ፣ በር ላይ እንዳለሁ ተመልሻለሁ።

የአሮጌ ዕቃ ገበያ በሦስት መንገድ ይቀለባል። አንደኛው ሰልባጅ ነው። በቦንዳ ታስሮ የሚመጣው ልባሽ ጨርቅ በየገበያው ሸራ ላይ ተዘርግፎ ቢታይም፣ ያገለገለ ልብስን ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ነው። ስለዚህ ገዢው ደረሰኝ የለውም፤ ከታጠበ በኋላ ቢተረተር የሚጠይቀው ሰው የለም። ዓይኑና ጣቱ ብቻ ናቸው ዋስትናው።

ሁለተኛው መንገድ የቤት ዕቃ ነው። ሰው አገር ሲለቅ፣ ቤት ሲቀይር ወይም ልጁ ሲያድግበት የሚሸጠው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራን የመሰሉ ሠፈሮችን አቋርጦ፣ በጭነት መኪና ጀርባ እስከ ክፍለ ሀገር ከተሞች ይደርሳል። ሦስተኛው ደግሞ ደጃፍ ድረስ የሚመጣው ነው። «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ነጋዴ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ ይሰጣል። «ቆራሌው!» የሚለው ደግሞ ጠርሙስና ቁርጥራጭ ብረት ይገዛል።

የሦስቱም ምንጭ አንድ ነው፤ የቦታ እጥረት። ሰው ዕቃውን የሚሸጠው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ስላጣበበበትም ጭምር ነው። ይህን ያስተዋልኩት ግን ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ነው።

ነጩ አልጋ

አምቦ ውስጥ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አለ። በሩ ላይ ሶፋ ተደራርቦ፣ በሶፋው ላይ ወንበር፣ በወንበሩ ላይ የተገለበጠ ጠረጴዛ ተጭኗል። ነጩን የሕፃን አልጋ ያየሁት ከዚያ ክምር በስተጀርባ ነው። ደህና እንጨት ነው፤ ዙሪያውን በዘንግ የታጠረ፣ እግሮቹ ላይ መሽከርከሪያ ያለው። ከሁሉ በላይ የወደድኩት አንደኛው ጎኑ ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው። መወርወሪያውን ጫን ሲሉት ጎኑ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ እናት ጎንበስ ሳትል ልጇን ማንሣት ትችላለች። ባለሱቁ እንደነገሩኝ አዲስ አበባ ይኖር የነበረ የውጭ አገር ሰው አገሩ ሲመለስ የሸጠው ነው።

«ጋሼ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?»

«ለአንተ ስምንት ሺህ።»

«አምስት ሺህ ልስጥዎት።»

«ልጄ፣ እንጨቱን ለማገዶ ብሸጠው አምስት አወጣበታለሁ። ስድስት ተኩል፤ ከዚያ በታች ለወንድሜም አልሰጥ።»

በ6,500 ብር ተስማማን። መጫኛ ስላልነበረኝ 1,500 ብር ቀብድ ከፍዬ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪና ይዤ እንደምመጣ ነግሬያቸው ተመለስኩ። የአልጋውንም ፎቶ በስልኬ አነሣሁ። እስከ ጎጆ ድረስ ያንኑ ፎቶ እያየሁ ነው የተጓዝኩት።

ሁለተኛው ዋጋ

ባለቤቴ ፎቶውን አይታ «ያምራል» አለች። ቀጥላም ገመድ አምጣ አለችኝ። የአልጋው ርዝመት አንድ ሜትር ከሠላሳ፣ ወርዱ ሰባ ሳንቲ ሜትር መሆኑን ነግሬያት ነበርና በዚያው ልክ ገመዱን ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ጎኑ ሲወርድ ሰው የሚቆምበትንም ግማሽ ሜትር ጨመረችበት። ገመዱ ከአልጋችን ተነሥቶ ማንደጃው ድረስ ሄደ።

«ምድጃው የት ይሂድ? እናቴስ የት ትተኛ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ቡፌውን እናወጣዋለን።»

«ቡፌውን ካወጣኸው ሰሃንና ብርጭቆውን ሕፃኑ ጎን ልትደረድረው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እሷ የግል ድርጅት ሠራተኛ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ፈቃድ ታገኛለች። ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ነው። እንግዲህ በዚያች ክፍል ውስጥ ዘጠና ቀን የምትውለው እሷ ናት፤ ከእናቷና ከሕፃኑ ጋር። እኔ የገዛሁት ዕቃ የሚቆመው በእሷ የሥራ ቦታ ላይ ነው።

ማታ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ቤታችን 12 ካሬ ሜትር ነው፤ ኪራዩ 1,800 ብር። አንዱ ካሬ ሜትር በወር 150 ብር ያስከፍለናል ማለት ነው። አልጋውና መቆሚያው አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ይይዛሉ፤ በወር 225 ብር። ሕፃን በእንዲህ ያለ አልጋ አንድ ዓመት ተኩል ቢተኛ 4,050 ብር ሆነ። በ6,500 ብር የገዛሁት አልጋ ሁለተኛ ዋጋም አለው። ሁለቱ ሲደመሩ ከ10 ሺህ ብር ያልፋሉ።

ይህን ሒሳብ ገበያ ላይ የሚነግረን የለም። ነጋዴው የሚነግረን የዕቃውን ዋጋ ነው፤ ዕቃው የሚቆምበትን ወለል ዋጋ የምናውቀው እኛ ነን። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ሁለተኛው ዋጋ እምብዛም አይከብድም። በአንድ ክፍል ለሚኖር ሰው ግን አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

እርግጥ ነው፣ ያገለገለ ዕቃ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። አዲስ ዕቃ ከሱቅ በወጣ ማግስት ዋጋው ይቀንሳል፤ ያንን ኪሳራ የመጀመሪያው ገዢ ከፍሎታል። ሁለተኛው ገዢ በጥንቃቄ ከያዘው ሲጨርስ በገዛበት አካባቢ መልሶ ሊሸጠው ይችላል። እኔም በዚህ ልከራከር ሞክሬ ነበር። ክርክሬን የዘጋው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ መልእክት ነው።

ከአሜሪካ የመጣው መልስ

የባለቤቴ ታናሽ እህት የምትኖረው አሜሪካ ነው። ፎቶውን በቴሌግራም ላክንላት። «እህቴ፣ ይህን አልጋ እንዳትገዙ። እዚህ ከተከለከለ ቆይቷል» የሚል መልስ መጣ።

ነገሩ እውነት ነው። ጎኑ የሚንሸራተት የሕፃን አልጋ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአሜሪካ ቤቶች የተለመደ ነበር። መወርወሪያው ሲያረጅ ወይም ብሎኑ ሲላላ ግን ጎኑ በከፊል ይነቀልና በፍራሹና በእንጨቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ሕፃኑ እዚያ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ይታፈናል። ከዚሁ ጋር በተያያዘ ከ30 በላይ ሕፃናት መሞታቸው ከተመዘገበ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ወር (እ.ኤ.አ. 2011) የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እንዲህ ያለው አልጋ እንዳይመረትም እንዳይሸጥም ከለከለ። ያገለገለውን መሸጥም ጭምር ክልክል ሆነ።

አንድ አገር የከለከለው ዕቃ ወዲያው ከዓለም አይጠፋም። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ክልክሉ ወዳልተሰማበት ይሄዳል። እኔ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ያ ተንሸራታች ጎን አደገኛው ነገር ራሱ ነበር።

አንባቢ የሕፃን አልጋ መግዛት ካለበት ሦስት ነገር ይይ። ጎኖቹ አራቱም የማይንቀሳቀሱ ይሁኑ። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከስድስት ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የለስላሳ ጣሳ በመካከላቸው ካለፈ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ፍራሹም ጠንከር ያለና ከአልጋው ልክ ጋር የገጠመ ይሁን።

ቀብዱ የማን ነው?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አምቦ የሄድኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1885 ስለ ቀብድ የሚለው ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ደግሞ ውሉን ካፈረሰ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ውሉን የማፈርሰው እኔ ነኝና 1,500 ብሩ ለባለሱቁ ይገባል።

«ጋሼ፣ አልጋውን አልወስደውም። ቀብዱን ይያዙት» አልኳቸው። የእህታችንንም መልእክት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን፣ ከዚያም አልጋውን አዩ። መወርወሪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ለቀቅ አደረጉት። በሦስተኛው ላይ ጎኑ አንድ ወገን ብቻ ወርዶ ተንጠለጠለ።

«ቀብዱን ሕጉ ለእኔ ይሰጠኛል» አሉ ቆየት ብለው። «ደንበኛ ግን ሕጉ አይሰጠኝም። ከዚህ ሱቅ በቀብድህ ልክ የምትወስደው ነገር ፈልግ።»

የአማቴ ቃል ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ብርዱ ግን ያው ነው።

ከሱቁ ጥግ፣ ከአንድ ፍሪጅ በላይ፣ ሁለት ግራጫ ብርድ ልብሶች ታጥፈው ተቀምጠው ነበር። ጋሼ አንዱን አወረዱና ከጠርዙ አንድ ክር መዘው በክብሪት አቃጠሉት። ክሩ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፤ ጫፉም በጣት ሲያሹት ዱቄት ሆነ። «ሱፍ ነው» አሉኝ። ናይለን ቢሆን ኖሮ ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ ጠንካራ እንክብል ይሆን ነበር። ይህ ፈተና ክብሪትና አንድ ክር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ሰልባጅ የሚገዛ ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ሁለቱን በ2,200 ብር ተስማማን። ቀብዱ ተቀንሶ 700 ብር ጨመርኩ።

ስለ ከሰሉ

ብርድ ልብሱ ለምን ከአልጋው እንደሚበልጥ ለቆላ አንባቢ ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። ክረምት ላይ እኛ ዘንድ አራስ የምትሞቀው በከሰል ነው። በርና መስኮት ይዘጋል፤ ንፋስ እንዳይገባ በጨርቅ ይወተፋል፤ ማንደጃው አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ፍሙ ከቀላ ጭስ ስለሌለው ጉዳት የለውም ብሎ ያምናል። ነገር ግን ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲጠራቀም ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ያስይዛል፤ ከዚያ የማይነቃ አለ። ክፍሉ በጠበበ መጠን ጋዙ ቶሎ ይሞላል። አንድ ክፍል ቤት፣ የደጋ ብርድና አራስ ልጅ ሲገናኙ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ብርድ ልብሶች ለእኛ የከሰል ምትክ ናቸው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከሁሉ የተሻለ የሚሞቀው በእናቱ ገላ ላይ፣ ደረቷ ላይ ሲሆን ነው፤ ብርድ ልብሱ እናቲቱን ያለብሳታል። ለብቻው ሲተኛ ግን ፊቱን ሊሸፍን የሚችል ከባድ ብርድ ልብስ አይደረብበትም፤ ልብሱ ይደራረብለታል። ማንደጃው ደጅ በረንዳ ላይ እንዲውል አማቴን አሳመንናቸው። ለማሳመን አልተቸገርንም፤ ብርድ ልብሱን በእጃቸው መዝነው «ይህስ ይሁን» አሉ።

ያገለገለ የሚገዛውና የማይገዛው

ከዚያ በኋላ የቀረውን ግዢ ሦስታችን በምክር አደረግነው። ደንባችንም ቀላል ነበር፤ የሚታጠብና የሚቀቀል ነገር አሮጌ ይሁን፤ ሕፃኑ አፉ ውስጥ የሚከተውና የሚተኛበት አዲስ ይሁን።

ከሰልባጅ ሸራ ላይ አሥራ ሁለት የሕፃን ልብስ በ60 ብር ሒሳብ መረጥን፤ 720 ብር። ሕፃን በሦስት ወር ውስጥ ልብሱ ስለሚጠበው ከቦንዳ የሚወጣው የሕፃን ልብስ ብዙውን ጊዜ እምብዛም ያልተለበሰ ነው። አዝራሩንና ቁልፉን ግን እየሳቡ ማየት ያሻል፤ የላላ አዝራር ሕፃን አፍ ውስጥ ይገባል። ሁለት ያገለገሉ የጥጥ አንሶላዎች በ600 ብር ገዝተን አማቴ ቀደው አሥራ ስምንት የሽንት ጨርቅ አወጡባቸው። አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ከአዲሱ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ሽንትም ቶሎ ይመጣል። አልጋ ሥር የሚገባ የቆርቆሮ ሣጥን 900 ብር አወጣን፤ ወለል ስለማይወስድ ሁለተኛ ዋጋ የለውም። የገላ ማጠቢያ ሳፋውን ከልዋጭ ነጋዴው ያገኘነው በእኔ ሁለት አሮጌ ጃኬትና በተቀደደ ጫማ ነው። በዚህ ንግድ ዕቃ ሲገባ ሌላ ዕቃ ወጥቷል፤ ለጠባብ ቤት ከዚህ የተሻለ ገበያ የለም።

አዲስ የገዛነው አንድ ነገር ነው፤ ጠንከር ያለ ትንሽ የስፖንጅ ፍራሽ፣ በ1,200 ብር። ማታ በሁለት ጣውላ ላይ ከአልጋችን አጠገብ ይነጠፋል፤ ቀን ግድግዳ ላይ ይደገፋል። ጡጦ አሮጌም አዲስም አልገዛንም። የጤና ባለሙያዎች እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲሰጥ ይመክራሉና፤ የግድ ያስፈለገው ሰው ቢኖር እንኳ ያገለገለ ጡጦና የተከፈተ የዱቄት ወተት ከማንም አይቀበል።

ስለ አስተጣጠቡ አንድ ነገር ልጨምር። የጥጡን ልብስ በፈላ ውሃ ቀቅለን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ተኮስነው። ሱፍ ግን ከተቀቀለ ይኮማተራል። ብርድ ልብሶቹን በመጀመሪያ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አጥብቀን አስረን ለአንድ ሳምንት አቆየናቸው። እከክ የሚያስይዘው ተባይ ከሰው ገላ ርቆ ያን ያህል አይቆይም። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጥበው ክረምቱ ፀሐይ በሰጠን ቀን ሁሉ ሲሰጡ ሰነበቱ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት

ምጡ የጀመረው ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ በበዛበት ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዶ ነበር። በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው፤ መድረሻው ግን ሁልጊዜ በነፃ አይገኝም። ምጡ ስለረዘመ ወደ አምቦ እንድንሄድ ተነገረን። ጎረቤት ቀስቅሰን ባለመኪና ፈለግን። ሦስት ሺህ ብር ተባለ። የሚደራደር አፍ አልነበረኝም፤ ከኪሴ አውጥቼ ቆጠርኩለት። ባለቤቴ በአንደኛው ግራጫ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ወጣች።

ልጃችን በማግስቱ ረፋድ ላይ ተወለደች። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው።

አምቦ ለቆየንበት ምግብና ለመመለሻ 2,300 ብር አወጣን። ቤት ገብተን ገንፎው ከተበላ በኋላ፣ ያቺን ወረቀት እንደገና አወጣሁ። ከ15 ሺህ ብሩ ለዕቃ የወጣው 5,620፣ ለመንገድና ለምግብ 5,300፤ በእጃችን የቀረው 4,080 ብር። ነጩን አልጋ ገዝቼ ብርድ ልብሶቹን ትቼ ቢሆንስ? ሌላው ሁሉ ያው ሆኖ ለዕቃ ብቻ 9,920 ብር ይወጣ ነበር። የቀረው 5,080 ነው። ለዚያች ሌሊትና ለማግስቷ 220 ብር ይጎድለን ነበር። ሁለት መቶ ሃያ ብር ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት በዝናብ ግን ማንን ቀስቅሶ ይጠየቃል?

ሕፃን ለሚጠብቅ አንባቢ ከዚህ ሁሉ የማወርሰው ሒሳብ ይህ ነው። ከገበያ በፊት የመንገዱን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ። ቀጥሎ ብርዱን መክቱ። የቤት ዕቃ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ሲመጣም ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሚቆምበትን ወለል ለኩ፤ ገመድ በቂ ነው።

በቅርቡ አምቦ ስወርድ በጋሼ ሱቅ በኩል አለፍኩ። አልጋው የለም። «ጎኑን በአራት ብሎን አስሬ ነው የሸጥኩት፤ እንዳይፈታውም ነግሬዋለሁ» አሉኝ። ሰፊ ቤት ያለው ሰው ነው የወሰደው።

ልጃችን አሁን መዳህ ጀምራለች። የጠበቧት ልብሶች በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ብዙ አልቆዩም፤ ከግቢያችን ማዶ ለምትኖር ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ተሰጥተዋል። ብርድ ልብሶቹን ግን አልሰጠንም፤ ክረምቱ እየመጣ ነው። ባለቤቴ በገመድ የለካቻት አንድ ካሬ ሜትር ተኩልም ባዶዋን አልቀረችም። ልጅቱ ከአልጋው ተነሥታ ወደ በሩ የምትድህባት መንገድ ሆናለች።